ላይ አምባን ማን ፈታው?

የሰማ ይቁጠር፤ የቆጠረ ይድገም፤ ሲደግም ግን አንዲት እንኳ አያጉድል። ይህ ነገር የተበላሸው አንዲት በመጉደሏ ነውና።

በነገሩ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አስቀድሜ በየስማቸው እጠራለሁ። የመጀመሪያዋ ወይዘሮ የሻረግ ናቸው፤ የላይ አምባ ገበሬ፣ የአርባ ጌሾ ባለቤት። ሁለተኛው አቶ ይልቃል ናቸው፤ ቀያሽ፣ የድንበር ድንጋይ ተካይ። ሦስተኛው ፕሪንተሩ ነው፤ በኮሪደሩ ጫፍ የቆመ፣ ካርታ ሲያትም የሚያቃስት። ከእሱ ቀጥለው ሦስት ወንድማማች ስክሪፕቶች አሉ፤ ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተር ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል ነው። የበኩሩ ስም አምጪ፣ የመካከለኛው አሻጋሪ፣ የታናሹ ፈላጊ ይባላል። ሰባተኛው ሰርቨሩ ነው፤ የአካባቢው ካርታ ሁሉ በሆዱ ያለ። ስምንተኛው ናሁሰናይ ነው፤ ሦስቱን ወንድማማች የጻፋቸው ባለሙያ። ዘጠነኛዋ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ የመዝገብ ቤት ሹም፣ ካርታዎቹ ለተቀመጡባቸው ፎልደሮች ስም ያወጡ። አሥረኛውና የመጨረሻው አቶ ገዳሙ ናቸው፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። የወይዘሮ የሻረግን ጎረቤት ደርበውን አልቆጠርኩትም፤ እሱ ችካል ነቃይ ነው፤ ከሰው ጋር አይቆጠርም።

ደርበው በክረምቱ ጭቃ የድንበሩን ችካል ነቀለና፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ወይዘሮ የሻረግ ማሳ አስጠግቶ መልሶ ቸከለው። በእነዚያ አሥራ ሁለት እርምጃዎች ውስጥ አርባ ጌሾ ቆሟል። ጌሾውን ወይዘሮ የሻረግ በእጃቸው ተክለውታል፤ ውኃ በጀርባቸው እያመላለሱ ሰባት ዓመት አጠጥተውታል። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ቀያሹ በዕለተ ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የድንበር ድንጋይ ሊተክሉ ወደ ላይ አምባ እንደሚወጡ ተነገረ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ካርታ ካለ ድንጋዩ በካርታው መስመር ይተከላል፤ ካርታ ከሌለ በችካሉ ይተከላል። አንዴ የተተከለውን ድንጋይ ደግሞ ከፍርድ ቤት በቀር የሚነቅለው የለም።

ስለዚህ ወይዘሮ የሻረግ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ገጽ ካርታ። ከዚያ የበለጠ አልጠየቁም።

ረቡዕ ማልደው ተነሡ፤ የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጠሩ፤ ቁልቁለቱን ወርደው ሦስት ሰዓት ሲሆን ከጽሕፈት ቤቱ ግቢ ደረሱ። አቶ ይልቃል ድንጋዮቹን መኪና ላይ ያስጭናሉ።

«አቶ ይልቃል፣ ድንጋዩን በመስመሩ ይትከሉልኝ።»

«በመስመሩ አልተክልም፤ ካርታ የለኝም። ያለ ካርታ የምከተለው ችካሉን ነው። ፕሪንተሩ ካተመልዎት በመስመሩ እተክላለሁ።»

«ችካሉን እኮ ደርበው ነው የነቀለው!»

«እናቴ፣ ችካል ማን እንደ ነቀለው አይናገርም፤ ካርታ ግን ይናገራል። ይዘውት ይምጡና ያናግረኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እወጣለሁ፤ አንድ ደቂቃ አልጨምርም።»

ቀያሽ በመስመሩ አይተክል፣ ጌሾውም ለወይዘሮ የሻረግ አይቀር።

ወይዘሮ የሻረግ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዱ። «አንተ ፕሪንተር፣» አሉት፣ «ካርታዬን አትም!»

ፕሪንተሩ አቃሰተ። «አላትምም። ወረቀቴ ሙሉ ነው፤ ቀለሜ ሙሉ ነው፤ ፋይል ግን አልደረሰኝም። አምጪ ካመጣልኝ አትማለሁ።»

ፕሪንተር አያትም፣ ቀያሽ በመስመሩ አይተክል፣ ጌሾውም ለወይዘሮ የሻረግ አይቀር።

አምጪ የሚገኘው በናሁሰናይ ክፍል፣ በናሁሰናይ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ወይዘሮ የሻረግ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

«እንደምን አደርክ? አምጪ የሚሉትን ጥራልኝ።»

ናሁሰናይ ሳቅ አለ። «እናቴ፣ አምጪ እኮ ሰው አይደለም፤ ስክሪፕት ነው።»

«ሰው ካልሆነማ ምክንያት አይደረድርብኝም። ጥራው።»

ናሁሰናይ አምጪን ጠራና፣ ከስሙ ቀጥሎ ላይ አምባ ብሎ ጻፈ፤ ቁልፉንም ተጫነ። አምጪ ወዲያው በስክሪኑ ላይ መለሰ፦

«አላመጣም። አሻጋሪ ባዶ እጁን መጣብኝ። እሱ ካሻገረልኝ አመጣለሁ።»

አምጪ አያመጣ፣ ፕሪንተር አያትም፣ ቀያሽ በመስመሩ አይተክል፣ ጌሾውም ለወይዘሮ የሻረግ አይቀር።

«አሻጋሪ ማነው ደግሞ?»

«ከአምጪ ተቀብሎ ለፈላጊ የሚሰጥ፣ ከፈላጊ ተቀብሎ ለአምጪ የሚመልስ ነው፤» አለ ናሁሰናይ።

«ታዲያ እሱ የራሱ ሥራ ምንድን ነው?»

«ማሻገር።»

«እንዲህ ያለ ሥራስ እኔም አላጣም፤» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። አሻጋሪም ስድቡን እንደ ሰማ ሁሉ በስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፦ «አላሻግርም። ፈላጊ ምንም አልሰጠኝም። እሱ ካገኘ አሻግራለሁ።»

አሻጋሪ አያሻግር፣ አምጪ አያመጣ፣ ፕሪንተር አያትም፣ ቀያሽ በመስመሩ አይተክል፣ ጌሾውም ለወይዘሮ የሻረግ አይቀር።

ከታች በኩል ፈላጊ መልሱን ጻፈ። ቃሉ አጭር ነበር፦ «ላይ የሚባል ፎልደር የለም። አምባ የሚባል ፎልደር የለም።»

ወይዘሮ የሻረግ ፊደል የቆጠሩት ጎልማሳ ሆነው ነው፤ የቆጠሩትን ግን በሚገባ ቆጥረዋል። ሁለት ጊዜ አነበቡት። በሁለተኛው ንባብ ፊታቸው ተለወጠ።

«አገሬን ለሁለት የከፈለው ማነው? እኔ የተወለድኩት ላይ አምባ ነው። ላይ ብቻ የሚባል አገር አላውቅም፤ አምባ ብቻ የሚባልም አላውቅም!»

«እኔ የሰጡኝን ነው የምፈልግ፤» አለ ፈላጊ። «ሁለት ስም ሰጡኝ፤ ሁለቱንም ፈለግሁ፤ ሁለቱም የሉም። ሰርቨሩ ካለው ይስጠኝ።»

ፈላጊ አያገኝ፣ አሻጋሪ አያሻግር፣ አምጪ አያመጣ፣ ፕሪንተር አያትም፣ ቀያሽ በመስመሩ አይተክል፣ ጌሾውም ለወይዘሮ የሻረግ አይቀር።

«ሰርቨሩን ጥራልኝ።»

ናሁሰናይ የሰርቨሩን ዝርዝር ከፈተ። ቆላሽ አለ። መንበሮ አለ። ገደብዬ አለ። ከገደብዬ ቀጥሎ ላይ አምባ ቁጭ ብሏል፤ ሙሉ ስሙን እንደ ያዘ፣ በውስጡም የእያንዳንዱ ማሳ ካርታ አንድ ሳይቀር ተደርድሮ።

«አለ!» አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

«አዎን፣ አለኝ፤» አለ ሰርቨሩ በረጋ ድምፅ። «ላይ አምባ ከሁለት ዓመት ጀምሮ በሆዴ ነው። ያልተጠየቅሁትን ግን አልሰጥም። በሙሉ ስሙ ጠርቶ የጠየቀኝ አንድም የለም። ሦስቱን ወንድማማች የጻፋቸው ሰው ጥሪያቸውን ካረመ እሰጣለሁ።»

ሰርቨር አይሰጥ፣ ፈላጊ አያገኝ፣ አሻጋሪ አያሻግር፣ አምጪ አያመጣ፣ ፕሪንተር አያትም፣ ቀያሽ በመስመሩ አይተክል፣ ጌሾውም ለወይዘሮ የሻረግ አይቀር።

ወይዘሮ የሻረግ ወደ ናሁሰናይ ዞሩ። ናሁሰናይ ግን ከእሳቸው ቀድሞ ተቆጥቶ ነበር፤ የተሳሳተ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይቆጣል።

«እኔ አላርምም! የጻፍኩት ልክ ነው። ቆላሽ ሲባል ያመጣል፤ መንበሮ ሲባል ያመጣል፤ ገደብዬ ሲባል ያመጣል። ሁሉም አንድ አንድ ቃል ናቸው። እትዬ አስካለ ግን በላይና በአምባ መካከል ክፍት ቦታ ትተዋል። ለስክሪፕት ክፍት ቦታ ማለት አንዱ ነገር አልቆ ሌላው ጀመረ ማለት ነው። ስሙን ያጣብቁትና ላይአምባ ይበሉት፤ ያን ጊዜ ይሠራል።»

«ልጄ፣ የአንተን ስክሪፕት ለማስደሰት አገሬ ስሟን ትቀይር?»

«ስም አይደለም የሚቀየረው፤ ክፍት ቦታ ነው።»

ባለሙያ አያርም፣ ሰርቨር አይሰጥ፣ ፈላጊ አያገኝ፣ አሻጋሪ አያሻግር፣ አምጪ አያመጣ፣ ፕሪንተር አያትም፣ ቀያሽ በመስመሩ አይተክል፣ ጌሾውም ለወይዘሮ የሻረግ አይቀር።

ሰዓቱ አምስት ሆነ። ወይዘሮ አስካለ በመዝገብ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጠው፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አልቀይርም! የአገር ስም በኮምፒውተር ስንፍና አይቀየርም። ላይ አምባ ተብሎ አራት መቶ አሥራ ሁለት የይዞታ ደብተር ታትሟል። ፎልደሩን ብቻ ላይአምባ ብዬ ባጣብቀው ከደብተሩ ጋር አይመሳሰልም፤ ነገ ደግሞ አቶ ይልቃል ‹ስሙ አልገጠመም› ብሎ ይመልሰዋል። እሱን እኔ አውቀዋለሁ! ያ ልጅ የራሱን ጽሑፍ ማረም ከብዶት የእኔን ማኅተም ያርማል?»

«እሱስ እውነትዎን ነው፣ እትዬ አስካለ። ግን እኔስ?»

«እርስዎ ምን የተለየ ነገር ገጠመዎት? ከላይ አምባ የመጣ ሁሉ እንዲሁ ሲጮኽ ነው የሚውለው። ሠላሳ ሰው መጥቷል።»

ወይዘሮ የሻረግ ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሠላሳ ሰው? ሠላሳውን ሰው ምን ብላችሁ መለሳችሁት?»

ወይዘሮ አስካለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካርታው የለም አልናቸው። ኮምፒውተሩ የለም ይል ነበራ።»

«ያለውን የለም አላችሁ! ድንጋዩ በችካል ተተከለ! የላይ አምባዋ የአለሚቱ ልጆች ማሳቸውን ያጡት ለዚህ ነው? ካርታቸው እዚህ ቤት ተኝቶ?»

ወይዘሮ አስካለ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ኃላፊው በደብዳቤ ካዘዙኝ እቀይራለሁ። ካላዘዙኝ አልቀይርም።»

መዝገብ ቤት ስም አይቀይር፣ ባለሙያ አያርም፣ ሰርቨር አይሰጥ፣ ፈላጊ አያገኝ፣ አሻጋሪ አያሻግር፣ አምጪ አያመጣ፣ ፕሪንተር አያትም፣ ቀያሽ በመስመሩ አይተክል፣ ጌሾውም ለወይዘሮ የሻረግ አይቀር።

አቶ ገዳሙ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ስብሰባው እስከ ሰባት ሰዓት ቆየ። ሰባት ሰዓት ሲሆን አቶ ገዳሙ ብቻቸውን ከቢሯቸው ወጡ፤ ከማን ጋር እንደ ተሰበሰቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ጌታዬ፣ ይዘዙልኝ!»

«አላዝም። በቃል የመጣ አቤቱታ አልቀበልም። ጉዳዩን ቀያሹ በጽሑፍ ያቅርብልኝ።»

«ቀያሹ እኮ ካርታ የለኝም ነው የሚሉት!»

«እንግዲያው ካርታውን ይያዝና ያቅርበዋ።»

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ቁጣውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል። ወይዘሮ የሻረግ ቆጠሩ፤ አንድም ሳያጎድሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩ፦

«ኃላፊ አያዝ! መዝገብ ቤት ስም አይቀይር! ባለሙያ አያርም! ሰርቨር አይሰጥ! ፈላጊ አያገኝ! አሻጋሪ አያሻግር! አምጪ አያመጣ! ፕሪንተር አያትም! ቀያሽ በመስመሩ አይተክል! ጌሾዬም ለእኔ አይቀር! አሥር ሆናችሁ አንዲት ወረቀት አቃታችሁ!»

«እርስዎን ጨምሮ ነው አሥር የሆንነው፤» አሉ አቶ ገዳሙ፤ ሰውየው ቁጥር ይወዳሉ።

ወይዘሮ የሻረግ ከኃላፊው በር ፊት ካለው ወንበር ተቀመጡና ቋጠሯቸውን እንደ ታሰረ ለአቶ ገዳሙ ሰጡ። «ይህን ቋጠሮ ለአቶ ይልቃል አድርሱልኝ። ምሳቸው ነው፤ እየበሉ ይጠብቁኝ። እኔ ካርታዬን ሳልይዝ ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

በዚያ ጽሕፈት ቤት ግን የቆየ ልማድ አለ፤ በእጅ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ተፈትቶ ይታያል እንጂ እንደ ታሰረ አያልፍም። ልማዱን ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። አቶ ገዳሙ ቋጠሮውን ፈቱ፤ አዩ፤ ቆሎውን በአንድ እጅ፣ ጨርቁን በሌላ እጅ አድርገው ለወይዘሮ አስካለ ሰጡ። ወይዘሮ አስካለ ቆሎውን ወረቀት ላይ በትነው አዩ፤ ወረቀቱን ለብቻ፣ ጨርቁን ለብቻ አድርገው ለናሁሰናይ ሰጡ። ናሁሰናይ ወረቀቱን ለመዝገብ ቤቱ መለሰ፤ የቀረውን ቆሎ በመዳፉ፣ ጨርቁን በብብቱ ይዞ ደረጃውን ወረደ። ደረጃው ላይ ቆሎ ተንጠባጠበ።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ይልቃል በአንድ እጃቸው ጭብጥ የማይሞላ ቆሎ፣ በሌላ እጃቸው ጨርቅ ይዘው ወደ ላይ ወጡ። ናሁሰናይም ተከተላቸው።

«እናቴ፣» አሉ ቀያሹ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የተላከልኝ የትኛው ነው? ቆሎው ነው ወይስ ጨርቁ?»

ወይዘሮ የሻረግ ከወንበራቸው ተነሡ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«እኔ አንድ ቋጠሮ ነው የሰጠሁት! አንድ! አስሬ ነው የሰጠሁት! ፍቱልኝ ብያችሁ ነበር? አድርሱልኝ ነው ያልኩት! አንዱ ፈታ፣ አንዱ በተነ፣ አንዱ አንጠባጠበ፤ መጨረሻ ላይ ተቀባዩ ሁለት ነገር ይዞ መጥቶ የትኛው ነው ይለኛል! ቋጠሮዬን ማን ፈታው? ንገሩኝ፣ ማን ፈታው?»

አቶ ገዳሙ ወደ ወይዘሮ አስካለ ተመለከቱ። ወይዘሮ አስካለ ወደ ናሁሰናይ ተመለከቱ። ናሁሰናይ የሚመለከተው ሰው አልነበረውም፤ ስለዚህ ጨርቁን ተመለከተ።

«ሦስት እጅ፤» አለ በቀስታ። «አምጪ፣ አሻጋሪ፣ ፈላጊ።»

«ምን ትላለህ?»

«እናቴ፣ ላይ አምባን የፈታሁት እኔ ነኝ። ክፍት ቦታ ያለበት ስም በትምህርተ ጥቅስ መታሰር ነበረበት። ሲታሰር አንድ ነው፤ ሳይታሰር ሁለት ነው። ትምህርተ ጥቅሱ የስሙ ጨርቅ ነው። እኔ ደግሞ ስሙን በሦስት እጅ ሳሳልፍ አንድም ቦታ አላሰርኩትም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? እሰረዋ!»

ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ሁሉም ናሁሰናይን ተከትለው ወደ ክፍሉ ገቡ። ናሁሰናይ አምጪን ጠራ፤ ከስሙ ቀጥሎ ላይ አምባ ብሎ ጻፈ፤ ግራና ቀኙንም ደብዳቤ ሲጽፍ እንደ ለመደው በአማርኛው ባለ ማዕዘን ትምህርተ ጥቅስ አጠረው። ቁልፉንም ተጫነ።

ፈላጊ መለሰ። ከፊቱ ጥቅስ የተለጠፈበት ላይ የሚባል ፎልደር የለም፤ ኋላው ጥቅስ የተለጠፈበት አምባም የለም አለ። የደብዳቤውን ትምህርተ ጥቅስ ስክሪፕት አያውቀውም፤ እንደ ማንኛውም ፊደል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጥቅሱ ማሰሪያ መሆኑ ቀርቶ ለተቆረጠው ስም ጆሮ ሆነለት።

«ጭራሽ ጆሮ አበቀልክለት!» አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

ናሁሰናይ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀየረ፤ ስክሪፕት የሚያውቀውን ቀጥ ያለውን ትምህርተ ጥቅስ ከግራም ከቀኝም አኖረ፤ ቁልፉን ተጫነ።

«ላይ የሚባል ፎልደር የለም። አምባ የሚባል ፎልደር የለም፤» አለ ፈላጊ፤ ልክ እንደ ጠዋቱ።

ከታች የመኪና ሞተር ተነሣ። አቶ ይልቃል ሰዓታቸውን አዩ። «ስምንት ተኩል ሆኗል፤ ሾፌሩ ሞተሩን እያሞቀ ነው።»

ወይዘሮ የሻረግ ከናሁሰናይ ጀርባ ቆመው በጣታቸው ስክሪኑን ነኩ። «ስሙ የሚያልፈው በስንት እጅ ነው አልክ?»

«በሦስት።»

«አሁን ያሰርከው ስንት ጊዜ ነው?»

«አንዴ፤ ለአምጪ ስሰጠው፤» አለ ናሁሰናይ።

«አምጪ ለአሻጋሪ ሲሰጠውስ ማን አሰረው? አሻጋሪ ለፈላጊ ሲሰጠውስ? ፈላጊ ሰርቨሩን ሲጠይቀውስ? እኔ ቋጥሬ ሰጥቼ አቶ ገዳሙ ከፈቱት፣ የእኔ መቋጠር ምን ረባ? አንዴ አስረህ ተገላገልክ? የቀረውን መጥታ የምታስርልህ እናትህ ናት?»

ናሁሰናይ ሦስቱን ወንድማማች አንድ በአንድ ከፈተ። በአምጪ ውስጥ ስሙን ለአሻጋሪ የሚሰጥበትን መስመር አገኘ፤ ስሙን አሰረው። በአሻጋሪ ውስጥ ለፈላጊ የሚሰጥበትን መስመር አገኘ፤ አሰረው። በፈላጊ ውስጥ ሰርቨሩን የሚጠይቅበትን መስመር አገኘ፤ አሰረው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ወይዘሮ የሻረግ «ታስሯል?» ይሉታል፤ እሱም «ታስሯል» ይላቸዋል። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዳግመኛ አስቆጠሩት። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ተጫነ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ባለሙያው ስላረመ መዝገብ ቤቱ ስም መቀየር አላስፈለገውም፤ ስም ስላልተቀየረ ኃላፊው ማዘዝ አላስፈለጋቸውም። ሰርቨሩ በሙሉ ስሙ ተጠይቆ ሰጠ፤ ፈላጊ አገኘ፣ አሻጋሪ አሻገረ፣ አምጪ አመጣ፤ በኮሪደሩም ጫፍ ፕሪንተሩ አቃሰተና አተመ።

አቶ ይልቃል ወረቀቱን ገና ሳይቀዘቅዝ ከፕሪንተሩ አፍ ተቀበሉ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በማስመሪያ ለኩ፤ ደግመው ለኩ። «መስመሩ ከጌሾው ማዶ ነው፤» አሉ። «አርባውም ጌሾ ከዚህ ወገን ነው። ችካሉ ውሸታም ነው።»

«ውሸታሙ ደርበው ነው፤» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «ችካሉን አይስደቡት።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ወይዘሮ የሻረግ ካርታቸውን እንደ ያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። አላመሰገኑም፤ የራሳቸውን ነገር የሚሰጣቸውን ሰው የማመስገን ልማድ የላቸውም።

«የሠላሳውም ሰው ይታተም። አሁን። አቶ ይልቃል የእኔን ሲተክሉ የእነሱንም ካርታ ይዘው ይውጡ፤ የአለሚቱም ልጆች ‹የለም› የተባለውን በዓይናቸው ያዩትና ይዘውት ፍርድ ቤት ይሂዱ። ደግሞም ነገ እኔ እዚህ አልመጣም፤ ታች አምባ የሚባል አገር ግን አለ፤ ከዚያ የሚመጣ ይኖራል። እሱንም ለሁለት ልትከፍሉት ነው? ከዚህ በር ከማለፌ በፊት ሁላችሁም የምትስማሙበትን አንድ ነገር ቁረጡ!»

ፕሪንተሩ ሠላሳ ጊዜ እያቃሰተ ሳለ፣ አሥሩ በኮሪደሩ ቆመው ተነጋገሩ። ወይዘሮ አስካለ የአገር ስም እንዳይነካ አሉ፤ ተቀባይነት አገኘ። ናሁሰናይ ወደፊት የሚጻፍ ስክሪፕት ሁሉ በመጀመሪያ በላይ አምባ ስም ይፈተን፤ በቆላሽ መፈተን ስሕተቱን አያጋልጥም አለ፤ ተቀባይነት አገኘ። አቶ ይልቃል በካርታ እጦት ምክንያት በችካል የተተከለ ድንጋይ ሁሉ በድጋሚ ይለካ፤ የልኬቱንም ወረቀት ለፍርድ ቤት እኔ እፈርማለሁ አሉ፤ ተቀባይነት አገኘ። አቶ ገዳሙ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን አሉ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩት ጠቃሚ ነገር ነበርና ወይዘሮ የሻረግም አልተቃወሙም። ናሁሰናይ ጻፈው፤ አቶ ገዳሙ ፈረሙበት፤ ወይዘሮ አስካለ ማኅተም አደረጉበት፤ ሰርቨሩ አስቀመጠው፤ ፈላጊ አገኘው፣ አሻጋሪ አሻገረው፣ አምጪ አመጣው፣ ፕሪንተሩ በትልቁ አተመው፤ አቶ ይልቃል ግድግዳው ላይ በምስማር መቱት፤ ወይዘሮ የሻረግም ቆመው አንብበው፣ ካርታቸውን በባዶው ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሁለት ጊዜ ቋጥረው፣ መኪናው ላይ ወጡ። ሁሉም የተቀበሉት ውሳኔ ይህ ነው፦

ስም እንደ ተሰጠ ታስሮ ይገባል፤ ታስሮ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ታስሮ ይደርሳል። በመካከል የሚፈታው ቢኖር ጥፋቱ የፈቺው ነው እንጂ የስሙ አይደለም። በሙሉ ስሙ ያልተፈለገ ነገርንም፣ በዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሰውም ሆነ ማሽን «የለም» አይበል።